የተቃጠለ ዘይት የላብራቶሪ ውጤት፦ መዳብ 71 ወጣ፣ ጥፋቱ የዘይቱ ነው የፊልትሮው?

ባለሲኖ፦

ሰላም ለዚህ ቤት። ሁለት ሲኖትራክ ሀዎ 371 ናቸው፤ ደብሊውዲ615 ሞተር፣ ሜካኒካል ፖምፓ፣ ሁለቱም በአንድ ዓመት የተመረቱ። የሚሠሩት አዲስ አበባ ጅቡቲ ነው፣ በአዋሽ፣ በሚሌ፣ በጋላፊ። ዘይት ለማወዳደር ተብሎ አንዱ ላይ ዘይት «ሀ» ተሞላ (ደረጃው ሲአይ-4፣ ውፍረቱ 15/40፣ ተራው)፣ ሌላው ላይ ዘይት «ለ» (ሲኬ-4፣ 15/40፣ ከፊል ሲንተቲክ፣ ዋጋው እጥፍ ሊሆን ምንም አይቀረው)። ክርክሩ ወደ ማርካ እንዳይሄድብን ስማቸውን ትቼዋለሁ። ናሙናው ውጭ አገር ተልኮ ውጤቱ መጥቷል። ብረታ ብረቱ በፒፒኤም (ከሚሊዮን ስንት እጅ) ነው።

መኪና 1፣ ዘይት «ሀ»፣ 10,000 ኪ.ሜ፣ በመሃል 2 ሊትር ተጨምሮበታል፦
ብረት 46፣ ክሮም 3፣ አሉሚኒየም 6፣ መዳብ 9፣ ሊድ (እርሳስ) 4፣ ቲን 1፣ ሲልከን 11፣ ሶዲየም 6፣ ፖታሲየም 2። ውፍረት በ100 ዲግሪ 14.1 ሴንቲስቶክ (አዲሱ 14.6)፣ ቲቢኤን (ዘይቱ አሲድ የማርከስ አቅሙ) 6.2 (አዲሱ 10.4)፣ ጥቀርሻ 1.4 ከመቶ፣ ዘይቱ ውስጥ የገባ ናፍጣ ከ1 ከመቶ በታች።

መኪና 2፣ ዘይት «ለ»፣ 15,000 ኪ.ሜ፣ 6 ሊትር ተጨምሮበታል፦
ብረት 88፣ ክሮም 8፣ አሉሚኒየም 17፣ መዳብ 71፣ ሊድ 5፣ ቲን 1፣ ሲልከን 34፣ ሶዲየም 7፣ ፖታሲየም 3። ውፍረት 15.9 (አዲሱ 14.4)፣ ቲቢኤን 4.1 (አዲሱ 10.1)፣ ጥቀርሻ 2.9 ከመቶ፣ ናፍጣ ከ1 ከመቶ በታች።

ኮፓው (ከሞተሩ ሥር ያለው የዘይት ገንዳ) ከነፊልትሮው 24 ሊትር ይወስዳል። ጥያቄው ሦስት ነው። ውዱ ዘይት ነው ሞተሩን የበላው? መዳብ 71 ላይ ስለደረሰ ኮፓ አውርደን ብሮንዚና (ክራንኩ የሚዞርበትን ማረፊያ) እንይ? ደግሞ ባይፓስ ፊልትሮ (ከዘይቱ ጥቂት ጥቂቱን እየወሰደ በደቃቁ የሚያጣራ ተጨማሪ ፊልትሮ) የሚሸጥ ሰው «2 ማይክሮን ያጣራል፣ ያለ ቅያሪ 40,000 ያስኬዳል» ይላል፤ ያዋጣል?

---

ዘይት_አንባቢ፦

ከሚያስደነግጠው ልጀምር፣ ብሮንዚናውን አትንካ። በዚህ ዓይነቱ ሞተር ብሮንዚና ድርብርብ ነው። ላዩን ከክራንኩ ጋር የሚነካካው ሊድና ቲን ያለበት ስስ ሽፋን ነው፣ መዳቡ ከሥሩ ነው ያለው። ስለዚህ ብሮንዚና መበላት ሲጀምር ቀድሞ የሚናገረው ሊድ ነው፤ መዳብ የሚመጣው ላዩ ካለቀ ወዲያ ነው። ያንተ ሊድ ከ4 ወደ 5፣ ቲን እዛው 1። ይሄ ጤነኛ ብሮንዚና ነው።

መዳቡ ታዲያ ከየት መጣ? ከኦይል ኩለሩ (ከዘይት ማቀዝቀዣው) ነው የምለው። ኩለር ወይ ራሱ መዳብ ነው፣ ወይ በመዳብ የተበየደ ነው። በአንድ ዘይት ብዙ ሲሠራ ገጹ ላይ ሽፋን ይይዛል። አዲቲቩ (የሚጨመርበት ኬሚካል) የተለየ ዘይት ሲገባ ያ ሽፋን ይነሳና ሌላ እስኪሠራ ድረስ መዳብ ወደ ዘይቱ ይለቃል። ኬሚካላዊ ነገር ነው፣ መፋተግ የለበትም። ዘይቱን ካልቀያየርክ በሚቀጥሉት ሁለት ሦስት ቅያሪዎች እየወረደ ይሄዳል። ካልወረደና ሊድ አብሮት ከተነሳ ያኔ ኮፓ ይወርዳል። ሶዲየምና ፖታሲየም ዝቅ ስላሉ የራዲያተር ውሃ ወደ ዘይት እየገባም አይደለም።

የእኔን ዓይን የያዘው ሌላ መስመር ነው። ሲልከን 34፣ አሉሚኒየም 17። የመንገድ አቧራ ሲልከንና አሉሚኒየም አብሮ የያዘ ነው፣ ብዙውን ጊዜ ሲልከኑ ከሁለት እጥፍ ጀምሮ ይበልጣል። ሲልከን ብቻውን ቢወጣ ከማስቲሽ ወይም ከጸረ አረፋ አዲቲቭ ነው ይባል ነበር። እዚህ ግን ሁለቱ እጅ ለእጅ ተያይዘው ወጡ፣ ክሮም ከ3 ወደ 8 ሄደ፣ ብረትም ተከተለ። ክሮም የሚመጣው ከፋሻ (ከፒስተኑ ቀለበት) ነው፣ ብረት በብዛት ከካሚቻ (ፒስተኑ ከሚመላለስበት ሲሊንደር) ነው። መኪና 2 አቧራ እየጠጣ ነው። ይሄንን የትኛውም ዘይት አያድነውም፣ የትኛውም ዘይት አላመጣውም።

አሁን ወደ ውድድሩ። ብረትን በኪሎሜትር ሳታካፍል አታወዳድር፦ መኪና 1 በ1,000 ኪ.ሜ 4.6፣ መኪና 2 5.9 ገደማ። በመሃል የተጨመረው ዘይትም ቁጥሩን ያቀጥነዋል። 24 ሊትር በሚይዝ ኮፓ 6 ሊትር ቀስ በቀስ ከተጨመረ ንባቡ ሊታይ ከሚገባው በ12 ከመቶ ገደማ ያንሳል። 6ቱም ሊትር ናሙና ሊወሰድ ሲል በአንዴ ከገባ ደግሞ በሩብ ያንሳል። በመጀመሪያው ስሌት መኪና 2 በ1,000 ኪ.ሜ ወደ 6.7 ይጠጋል፣ መኪና 1 ወደ 4.8።

ስለ ዘይቱ ራሱ የሚናገሩት ብረታ ብረቶቹ አይደሉም። ስለ ዘይቱ የሚናገሩት ቲቢኤን፣ ውፍረት፣ ኦክሲዴሽን (ዘይቱ ከአየር ጋር ተዋህዶ መበላሸቱ) እና ጥቀርሻ የመሸከም አቅም ናቸው። የቲቢኤኑን ሂሳብ ሥራው፦ «ሀ» በ10,000 ኪ.ሜ 4.2 ጣለ፣ በ1,000 0.42 ማለት ነው። «ለ» በ15,000 6.0 ጣለ፣ በ1,000 0.40። አንድ ናቸው! እንደውም «ለ» 6 ሊትር ትኩስ ዘይት ታግዞ ነው። ከዚህ ወረቀት ላይ የእጥፍ ዋጋውን ምክንያት ማየት አልቻልኩም። ቲቢኤን ስታወዳድር ግን አዲሱም አሮጌውም በአንድ ዘዴ መለካቱን አረጋግጥ። ዲ2896 የሚባለው ዘዴ ከዲ4739 ከፍ ያለ ቁጥር ይሰጣል፤ አዲሱን ከዘይቱ የመረጃ ወረቀት፣ አሮጌውን ከላብራቶሪ ወስዶ መቀናነስ የተለመደ ስህተት ነው።

ውፍረቱ 15.9 ላይ ነው። ለ40 ቁጥር ዘይት ክልሉ ከ12.5 እስከ 16.3 ስለሆነ ገና አልወጣም፣ ግን ዳር ላይ ነው። ያወፈረው ጥቀርሻውና ሙቀቱ ነው። በዚያ መኪና 15,000 አልደግምም።

---

ካሚቻ፦

ከላይ ያለው ትክክል ነው። መኪና 2 ላይ ዛሬውኑ የሚታይ፦

ከአየር ፊልትሮ ወደ ተርቦ የሚሄደውን ጎማ ፍታና ውስጡን በነጭ ጨርቅ ጥረገው። ከፊልትሮው በኋላ ጨርቁ ቡናማ ከሆነ ነገሩ አለቀ፣ ቀዳዳ አለ። ፋሼታዎቹን (የጎማውን ማሰሪያዎች) ብቻ አጥብቀህ አትተው፤ ጎማው ብዙ ጊዜ የሚሰነጠቀው ከሥር በኩል፣ ዘይት በሚነካውና እጅ በማይደርስበት ነው። አውጥተህ እጠፈው፣ ያኔ አፉን ይከፍታል። የፊልትሮው ጫፍ ላይ ያለው ማኅተም ላስቲክ ላይ የአቧራ መስመር ካቋረጠው ያ መስመር የአየሩ መንገድ ነው። የተርቦው ፕሮፔለር ጠርዝ ቀጥኖ እንደ ምላጭ ከሆነ ነገሩ የቆየ ነው።

ማንም የማያየው ደግሞ የፍሬን አየር ኮምፕሬሰር ነው። አየሩን የሚስበው ከፊልትሮ በኋላ በሚመጣ ቀጭን ቱቦ ነው፣ የሚቀባው በሞተሩ ዘይት ነው። ያ ቱቦ ከተነቀለ ኮምፕሬሰሩ የአፋርን አቧራ በቀጥታ ይስብና ወደ ኮፓው ያወርደዋል። ሲልከን ይወጣል፣ ተርቦው ግን ንጹህ ሆኖ ይገኛል። ሰው ግራ የሚጋባው እዚህ ላይ ነው።

ፊልትሮ በኮምፕሬሰር መንፋት ይቁም። ወረቀቱ ላይ በዓይን የማይታይ ቀዳዳ ይፈጥራል። የመታፈኑ ጠቋሚ ቀይ እስኪሆን አትንካው። አዲስ ፊልትሮ ትንሽ አቧራ ሲይዝ ጭራሽ የተሻለ ያጣራል፣ በየጉዞው እየፈቱ ማራገፍ መልሶ ጉዳት ነው።

---

ባለሲኖ፦

እግዜር ይስጥልኝ። ሁለት ነገር ሳልናገር ቀርቻለሁ። የመኪና 2 ናሙና የተወሰደው ጠዋት ሳይነሳ፣ ከኮፓው መጀመሪያ ከወረደው ነው፤ በታጠበ ሃይላንድ። ከ6ቱ ሊትር ደግሞ 4ቱ የተጨመረው ሚሌ ላይ፣ ከናሙናው ሁለት ቀን በፊት ነው። ፊልትሮዎቹም ጎን ለጎን ካሉት ከሁለቱ አንዱ ኦሪጅናል፣ አንዱ ርካሽ ነበር። ይሄ ለውጥ ያመጣል?

---

ዘይት_አንባቢ፦

ያመጣል እንጂ። ሲቀዘቅዝ ከሥር የተኛው ውሃና ዝቃጭ መጀመሪያ ይወርዳል፤ የቡሽኑ (የኮፓው ማፍሰሻ ክዳን) ዙሪያ ያለ የመንገድ አፈርም አብሮ ይገባል፣ ሃይላንዱ ውስጥ የቀረ የውሃ ጠብታም እንደዛው። 4 ሊትሩ በበኩሉ ብረቱን አሳንሶ አሳይቶሃል። አንዱ ወደ ላይ፣ አንዱ ወደ ታች ይጎትታል። ሲልከኑ በከፊል ከቡሽኑ ሊሆን ይችላል፣ ክሮሙ ግን ከቡሽን አይመጣም። ስለዚህ የአቧራውን ነገር አልተውኩትም።

አወሳሰዱ እንዲህ ነው። መኪናው ከመንገድ እንደገባ፣ ሞተሩ በጠፋ በ15 ደቂቃ ውስጥ። የቡሽኑን ዙሪያ በጨርቅ ጥረግ። ክፈት፣ አንድ ሁለት ሊትር ይሂድ፣ ከዚያ ጅረቱ ሳይቋረጥ ላብራቶሪው የሰጠውን ጠርሙስ ሦስት አራተኛ ሙላ። ዘይት ሳይቀየር ናሙና ብቻ ከተፈለገ በዲፕስቲክ ቀዳዳ በእጅ ፓምፕና በአዲስ ቱቦ ይሳባል፤ ቱቦው በዲፕስቲኩ ልክ ይቆረጣል፣ ከዚያ ካለፈ የኮፓውን ወለል ይልሳል። የመጀመሪያውን ጉንጭ ጣለው። ከፊልትሮ ውስጥ በጭራሽ አትቅዳ። ጠርሙሱ ላይ የሰሌዳ ቁጥር፣ የሞተሩ ኪሎሜትር፣ የዘይቱ ኪሎሜትር፣ የዘይቱ ስምና የተጨመረው ሊትር ይጻፍ። እነዚህ ከሌሉ ላብራቶሪው የሚልክልህ ግምት ነው። ካልተከፈተ ጀሪካን አንድ ጠርሙስም አብረህ ላክ፣ ማነጻጸሪያው እሱ ነው። እኛ ዘንድ ደግሞ ጀሪካኑ ውስጥ ያለው የተጻፈበት መሆኑን የምታውቀው በዚያ ብቻ ነው፤ ካልሲየሙ፣ ዚንኩና ፎስፈረሱ ከታወቀው ካልገጠሙ ዘይቱ ሌላ ነው።

---

ዴንቨር_ናፍጣ፦

ስለ ፊልትሮው እኔ ልግባ፤ እዚህ አሜሪካ በራሳቸው መኪና የሚሠሩ ሐበሾች ዘንድ ባይፓስ በየቀኑ የሚነሳ ወሬ ነው።

መጀመሪያ «ስንት ማይክሮን» ብቻውን ትርጉም የለውም። በዚያ ማይክሮን ላይ ስንት ከመቶ ይይዛል? ይህን የሚነግርህ ቤታ የሚባለው ቁጥር ነው፤ ቤታ 2 ማለት ከሁለት ቅንጣት አንዱን አሳልፏል፣ 50 ከመቶ። ቤታ 75 98.7 ከመቶ ነው። ሁለቱም ካርቶናቸው ላይ «10 ማይክሮን» ብለው ሊጽፉ ይችላሉ። ሻጩን በአይሶ 4548-12 (ዓለም አቀፍ የፊልትሮ መፈተኛ ደረጃ) የተፈተነበትን ውጤት ጠይቀው። ዝም ካለ መልሱን ሰጥቶሃል።

ሁለቱ ጎን ለጎን ያሉት ፊልትሮዎች ዘይቱን ይካፈላሉ እንጂ አንዱ የሌላውን አያጣራም። አንዱ ኦሪጅናል አንዱ ርካሽ ሲሆን ዘይት የሚቀለውን መንገድ ይመርጣል፤ ብዙው በላላው ወረቀት ያልፋል። ግማሽ ቁጠባ የለም፣ ሁለቱንም አንድ ዓይነት አድርግ።

ሁለተኛ፣ ያ የላብራቶሪ ወረቀት ፊልትሮን ለማወዳደር አይሆንም። ብረት የሚለካው ስፔክትሮሜትር ከ5 እስከ 8 ማይክሮን በላይ ያለውን ቅንጣት በደንብ አያየውም። ዋናው ፊልትሮ ሥራ የሚጀምረው ደግሞ ከዚያ በላይ ነው። ፊልትሮው የሚይዘውን ማሽኑ አያይም፣ ማሽኑ የሚያየውን ፊልትሮው አይይዝም። ጥሩና መጥፎ ፊልትሮ አድርገህ ተመሳሳይ የብረት ቁጥር ብታገኝ አይግረምህ። የቅንጣት ቆጠራም በናፍጣ ሞተር ዘይት ላይ በሌዘር አይሠራም፣ ጥቀርሻው ያጠቁረዋል። የምትጠይቀው ፒኪው ኢንዴክስ ነው፤ በማግኔት ስለሚለካ ትልልቁን ብረት ያያል። ብረቱ ባለበት ቆሞ ፒኪው ከዘለለ አንድ ነገር በቁራጭ እየረገፈ ነው።

ከዚያ የተሻለው ፊልትሮውን ቆርጦ ማየት ነው። በመጋዝ አይቆረጥም፣ የመጋዙን ብናኝ ነው የምታየው። በቆርቆሮ መክፈቻ ዓይነት መቁረጫ ክፈት፣ ወረቀቱን በምላጭ አውጣ፣ በሞርሳ ዘይቱን ጭመቀውና በፀሐይ ላይ ዘርጋ። ማግኔት በላስቲክ ጠቅልለህ አሳልፍ። እንደ ዓሣ ቅርፊት የሚያብለጨልጭ፣ ማግኔት የማይስበው ቁራጭ ብሮንዚና ነው፤ መዳብ 71 ካሳሰበህ እዚህ ታየዋለህ፣ ኮፓ ሳይወርድ።

ባይፓሱ ይሠራል አይሠራም ለሚለው፣ ማጣራቱን ያጣራል። ጀነራል ሞተርስ በ1988 ባወጣው ጥናት ማጣሪያው ከ40 ወደ 30 ማይክሮን ሲወርድ የሞተር መበላት በ50 ከመቶ፣ ወደ 15 ሲወርድ በ70 ከመቶ ቀንሷል። ሻጮች ሁሉ ይጠቅሱታል፤ ሆን ተብሎ አቧራ እየተጨመረ የተሠራ ሙከራ መሆኑን ግን አይነግሩህም። ገጠማው ላይ የሚጠፋው ሦስት ነገር ነው። ዘይት የሚወሰደው ከዋናው ጋለሪ (ከሞተሩ ዋና የዘይት መስመር) ግፊት ካለበት ነው፣ የሚመለሰው ወደ ኮፓ ወይም መሙያ ክዳን ነው። መሃሉ ላይ ማነቂያ ቀዳዳ ግዴታ ነው፣ 1.6 ሚሊሜትር ገደማ። በ4 ባር በዚያ ቀዳዳ በደቂቃ ከ2 ሊትር ብዙም አያልፍም፤ 24 ሊትሩ አንድ ዙር ለመጣራት ከ10 ደቂቃ በላይ ይፈጃል፣ በቂ ነው። ማነቂያው ከተረሳ ወደ ክራንኩ የሚሄደው ዘይት ግፊት ይወድቃል። ሦስተኛው ቱቦው ነው፤ ለዘይትና ለሙቀት የተሠራ፣ ጫፉ የተጨመቀ ይሁን። የውሃ ጎማ በፋሼታ ካሰሩበት አፋር በረሃ ላይ ይፈነዳል፣ ኮፓው ባዶ ይሆናል፣ ሾፌሩ የሚያውቀው ሞተሩ ሲጮህ ነው።

---

ዘይት_አንባቢ፦

40,000ው ላይ ግን አልስማማም። ባይፓስ ቅንጣት ያጣራል፤ ቲቢኤን አይመልስም፣ ናፍጣ አይለይም፣ ኦክሲዴሽን አይቀለብስም። የጥቀርሻ ነጠላ ፍሬም ከማይክሮን በታች በጣም ደቃቅ ስለሆነ ብዙው ያልፈዋል። በ1,000 0.40 የሚጥል ዘይት ከ10.1 ተነስቶ 40,000 ሊደርስ አይችልም፤ 25,000 ላይ ባዶ ነው፣ መቀየር ያለበት ደግሞ ግማሹ ሲቀር አካባቢ ነው። የናፍጣው ሰልፈር ከፍ ካለ ከዚህም ይፈጥናል። ደረጃውን የሚያወጣው ኤፒአይ ራሱ ሲኬ-4 ከ15 ፒፒኤም በላይ ሰልፈር ባለው ናፍጣ ሲሠራበት የቅያሪ ጊዜው ሊነካ እንደሚችል ይገልጻል። ዲፒኤፍ (የጭስ ጥቀርሻ ማጣሪያ) ለሌለው ለዚህ ሞተር ደህና ሲአይ-4 የሚያሳፍር ዘይት አይደለም።

---

ዴንቨር_ናፍጣ፦

እሱስ ልክ ነህ። እዚህ የሚያስረዝሙት ናፍጣው 15 ፒፒኤም ስለሆነና በየመሃሉ ናሙና ስለሚልኩ ነው። ያለ ናሙና የሚያስረዝም ቁማርተኛ ነው።

---

ካሚቻ፦

ላብራቶሪ ለሚርቀው አንድ ነገር። ከመንገድ ከገባ ትኩስ ዘይት አንዲት ጠብታ በቡና ማጣሪያ ወረቀት ላይ ጣልና በጠርሙስ አፍ ላይ አድርገህ አሳድረው። ግራጫው ሰፋ ብሎ እኩል ከተሠራጨ ዘይቱ ጥቀርሻውን ገና ተሸክሟል። መሃሉ ላይ ጥቁር ነጥብ ሆኖ ጠርዙ በቢላ የተቆረጠ ከመሰለ ዘይቱ ጥሎታል፣ ኪሎሜትር አትጠብቅ። ለውሃ ደግሞ በጋለ ብረት ላይ ጠብ አድርግ፤ ከተንጣጣ ውሃ አለበት። ሁለቱም ስለ ብረት ምንም አይነግሩህም።

---

ባለሲኖ፦

ገባኝ። ታዲያ ሁለቱን ዘይቶች በትክክል ለማወዳደር ምን ላድርግ?

---

ዘይት_አንባቢ፦

ሁለት መኪና በሁለት ዘይት ስታወዳድር ዘይቱን ሳይሆን መኪናውን ነው ያወዳደርከው። የመኪና 2ን አየር መስመር አስተካክል፣ ሁለቱም ላይ አንድ ዓይነት ፊልትሮ አድርግ፣ ቅያሪውን ሁለቱም ላይ 10,000 አድርገው። «ሀ»ን በመኪና 2፣ «ለ»ን በመኪና 1 ሙላ፣ ማለትም አዘዋውራቸው። የመጀመሪያውን ቅያሪ ናሙና ለማወዳደሪያ አትቁጠረው፤ ኩለሩና ጋለሪው ውስጥ የቀረው አሮጌ ዘይት ይበርዘዋል፣ መዳቡም መኪና 1 ላይ በተራው ይነሳል፣ እንዳትደነግጥ። ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ተመልከት። ብረቱ ዘይቱን ተከትሎ ከተዘዋወረ የዘይቱ ነው። ከመኪናው ጋር ከቀረ የመኪናው ነው። የአንድ ሁለት ፒፒኤም ልዩነት ቁጥር አይደለም፣ ያው ጠርሙስ ሁለቴ ቢለካ የሚመጣ ነው።

መኪና 2ን ግን አሁኑኑ ቀይረው፣ ከ1,000 ኪ.ሜ በኋላም በዲፕስቲክ በኩል አንድ ናሙና ሳብ። አየሩ ከተዘጋ ሲልከኑ ከአዲሱ ዘይት ትንሽ ብቻ ከፍ ብሎ ይገኛል። ከ1,000 በኋላ ከ10 ወይም ከ12 በላይ ከዘለለ ካሚቻ ያለህን የኮምፕሬሰር ቱቦ አላየኸውም ማለት ነው።

---

ባለሲኖ፦

ጎማው ወጥቶ ታጠፈ፣ ከሥር የጣት ስንጥቅ አለው። የኮምፕሬሰሩ ቱቦ ደህና ነው። አዲስ ጎማ ገብቶ ዘይቱ ተቀይሯል፤ የ1,000ው ናሙና ሲመጣ ቁጥሩን እዚሁ አስቀምጣለሁ።